መርፌዋ ዘጠኝ ላይ ስትቆም

አለምሰገድ ከንፈሩን ያስነካውን ቡና መልሶ ስኒው ውስጥ ተፋው። ከጠዋት ጀምሮ ይህ ሰባተኛው ነው። ሄራን የወጥ ቤቱን በር ተደግፋ ታየዋለች። ምራቁ አረፋው ላይ ሲንሳፈፍ አይታ ፊቷን አዞረች፤ ስኒውን የምታጥበው እሷ ናት።

«ነጭ ሽንኩርት ነው የሚለኝ» አለ። «ሄራን፣ ቡና እንዴት ነጭ ሽንኩርት ይላል?»



የቡና ማሽኑ ክዳኑ ተነሥቶ፣ ሆዱ ተከፍቶ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ጓደኛው ከዱባይ ካመጣለት ሁለት ወሩ ነው። ፊት ለፊቱ፣ ቡናው የሚጠቀጠቅበት እጀታ ላይ፣ አለምሰገድ የውኃውን ግፊት የምትለካ ክብ ጌጅ ገጥሞበታል። ፋብሪካው ግፊቱን ዐሥራ አራት ባር ላይ አድርጎ ነው የላከው። ሌሊቱን ሁሉ በስልኩ ሲያያቸው የሚያድራቸው ሰዎች ደግሞ ደኅና ቡና የሚወርደው በዘጠኝ ባር ነው፣ ከዘጠኝ ካለፈ ይመራል ብለውታል። እናም ከፓምፑ ጎን ያለችውን ትንሽ ቡለን በካቻቢቴ ሩብ ዙር ያላላል፣ ማሽኑን ያስጮኻል፣ አንገቱን ሰብሮ መርፌዋን ያያል። መርፌዋ ከዐሥራ አራት ወደ ዐሥራ ሁለት፣ ከዐሥራ ሁለት ወደ ዐሥራ አንድ ወርዳ እዚያው ገግማለች። የአርባ ምንጭ ውኃ ምንቸትም ቢሆን ነጭ ድንጋይ ያስይዛል፤ የማሽኑን ቧንቧ የሚምርበት ምክንያት አልነበረውም።

«ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ኃላፊው ይመጣል» አለ አለምሰገድ፣ ለማሽኑ ይሁን ለእሷ ሳይለይ። «እንዲህ ያለ ነገር ላጠጣው ነው?»

የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ቡናውን ለመቅመስ ቃል ከገባ ወዲህ አለምሰገድ እንቅልፍ የለውም። ክፍት የሆነ የቡድን መሪነት ቦታ አለ። ሄራን ይህን ታውቃለች፤ አትቃወምም። የማትቀበለው ሌላ ነው።

ከጓሮ፣ ከሰርቪስ ቤቱ፣ የሳል ድምፅ ተሰማ። የአለምሰገድ እናት እማማ አገርነሽ ናቸው። ከደጋው ከገረሴ ከመጡ ሁለት ሳምንት ሆናቸው። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ ሰው የሚለዩት በድምፁና በትንፋሹ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ የሚመጡት የዓይን ሐኪሞች ዘንድሮም መጥተዋል፤ የእማማ ተራ ሰኞ ጠዋት ነው። ሰኞ ካለፈ ለከርሞ ነው፤ ያውም ከርሞ በሰባ ስምንት ዓመት ላይ ሌላ ዓመት ለመጨመር ፈቃደኛ ከሆነ።

በመጀመሪያው ሰሞን ሳሎን ነበሩ። ጠዋት ጠዋት የቡና ቅጠላቸውን በምንቸት ያፈላሉ፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ሚጥሚጣና ጨው ገብቶበት። አለምሰገድ ያደገው ይህን ቅጠል እየጠጣ ነው። በሦስተኛው ቀን «ሽታው ማሽኑ ውስጥ ይገባል» አለና ምንቸቱ ወደ ጓሮ ወጣ። ማታውኑ ምንቸቱን ተከትለው እናቱም ወጡ። አልተቆጣም፣ አልጮኸም፤ እዚያ ይቀዘቅዝላቸዋል ነበር ያለው። ፍራሹን ተሸክማ ከከሰል ማዳበሪያው ጎን ያነጠፈችው ደግሞ ሄራን ራሷ ናት። ይህን ባስታወሰች ቁጥር አፏ ውስጥ መራራ ነገር ይመጣል።

አለምሰገድ እጀታውን ፈቶ ከበላዩ ያለችውን ወንፊት መሰል ክብ ብረት በካቻቢቴ ነቀላት። አረንጓዴ፣ የሚያሟልጭ ነገር መዳፉ ላይ ዘጭ አለ። ሦስት ቀን ሙቀት ውስጥ የከረመ ቅጠልና ነጭ ሽንኩርት ነው፤ ግማቱ ሳሎኑን ሞላው። ሄራን አፍንጫዋን በነጠላዋ ያዘች።

ነገሩ የሆነው ሐሙስ ዕለት ነበር። ዝናቡ ከሰሉን አርሶት፣ እማማ ጉንፋን ይዟቸው ሲንቀጠቀጡ፣ ሄራን ማሽኑ የፈላ ውኃ በጉልበት የሚገፋ ዕቃ መሆኑ ትዝ አላት። ቅጠሉን ከነቅመሙ ወቅጣ እጀታው ውስጥ ጠቅጥቃ ጫነችው። ማሽኑ አቃሰተ፣ አቃሰተና እንደ ሐሞት የወፈረ አረንጓዴ ጠብታ አወጣ። እማማ ቀምሰው «ጉልበትስ አለው፤ ችኩል ነው እንጂ» አሉ። ሁለቱ ሴቶች እስኪያነቡ ሳቁ። ሄራን እጀታውን አጥባ መለሰችው፤ ከላይ ወንፊት እንዳለ ግን አላወቀችም።

«እማዬ!» ብሎ ተጣራ አለምሰገድ ወደ ጓሮ።

ሚስቱን አልጠየቃትም። ሊጠይቃት እንደሚችል እንኳ አልመጣለትም። ሄራን አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። የእሱ ኩርፊያ ሳምንት ይፈጃል፤ ትናንት የበሰለውን አልበላም ብሎ ይጀምርና ቤቱን እንደ ሐዘን ቤት ዝም ያሰኘዋል። ያንን ፈራች።

እማማ ግድግዳውን እየዳበሱ ገቡ። አለምሰገድ ወንፊቷን አፍንጫቸው ሥር ደቀናት፤ ቤት ያቆሸሸ ውሻ ጥፋቱን እንዲያሸት እንደሚደረገው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

አሮጊቷ አሸተቱ። ከዚያ ፊታቸውን ቀስ ብለው ሄራን ወደምትተነፍስበት አቅጣጫ መለሱ፤ ጥቂት ቆዩ። በጋሞኛ አንድ ነገር ጀመሩ።

«በአማርኛ» አለ ልጃቸው። «አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነው» አሉ እማማ በተኮላተፈ አማርኛ። «እኔ ነው ያደረገው፣ ልጄ።»

አለምሰገድ ተነፈሰ። ሲናገር ድምፁ ለስላሳ ነበር፤ ሄራን የምትጠላው ይህን ለስላሳነቱን ነው።

«አየሽ እማዬ፣ ነገ ትልቅ ሰው ይመጣብኛል። ዛሬ ወደ ገረሴ መኪና አለ። ሐኪሞቹ በየዓመቱ ነው የሚመጡት፤ ለከርሞ ቀደም ብለን እናስመዘግብሻለን።»

ዓይኑን በጨው አጥቦ ማለት እንዲህ ነው። እማማ ግድግዳውን እየዳበሱ ተመልሰው ወጡ። ጓዛቸውን ሊጠቀልሉ ነው ብላ ሄራን አሰበች፤ አንድ ነጠላና አንድ ምንቸት ጓዝ ከተባለ። ልትከተላቸው ፈለገች፤ ከበሩ ግን አልተላቀቀችም። አለምሰገድ ወንፊቷን በጥርስ ብሩሽ ሲፈትግ፣ አረንጓዴው ዝቃጭ በጣቶቹ መካከል ሲፈስ፣ ጥፍሩ ሥር ሲገባ ቆማ አየች። ወንፊቷን መልሶ ገጠማት፣ ጌጁን አሠረ፣ ቡለኗን ያዘ።

እማማ ተመልሰው ሲገቡ በሁለት እጃቸው እርጥብ ሣር ይዘው ነበር። ከቧንቧው ሥር፣ በዳበሳ የነጩት ነው፤ ጭቃው ከሥሩ አልረገፈም። ከጠረጴዛውና ከበረንዳው በር መካከል ደረሱና ቀስ ብለው ተንበረከኩ። ሣሩን ፊታቸው አነጠፉት።

በጋሞ ምድር ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ከተንበረከከ ድንጋይ ያነሣ ጎረምሳ እንኳ ድንጋዩን ይጥላል። ያንን ሣር ተሻግሮ የሚያልፍ ሰው የለም፤ የተሻገረ ሰው ምን እንደሚባል ሄራን ሰምታ አታውቅም፣ ተሻግሮ የሚያውቅ ስላልነበረ። እናት ለልጇ ስትንበረከክ ደግሞ ምን ይባላል?

«ቢላ ዓይኔን ሳይነካ ይቅር በል» አሉ እማማ። «ቂም ያለበት ቤት ዓይን አይድንም፣ ልጄ። ይቅር በል።»

ማሽኑ ጮኸ።

«ዘጠኝ!» አለ አለምሰገድ ጀርባውን እንደሰጣቸው። «ሄራን፣ ዘጠኝ ላይ ቆመች። ነይ እዪያት፣ ንቅንቅ የለም።»

ድምፁ ደስታ ብቻ ነበር፤ እንደ ሕፃን። ሄራን የሚያብረቀርቅ ማጅራቱን፣ ቡለኗን የያዙትን ጣቶቹን አየች። በእነዚያ ጣቶች አጉርሷታል፤ ትናንት ማታ ፀጉሯን ዳብሰዋል። ተጸየፈችው። ቁጣ ቢሆን በወደደች፤ ቁጣ ይበርዳል። ይህ ግን ምግብ ውስጥ ፀጉር አግኝቶ ገበታ እንደመግፋት ያለ ነው። ቀጥላ ራሷን ተጸየፈች፤ ይኸኛው ባሰ። አሮጊቷ የተንበረከኩት በእሷ ጥፋት ነው፤ እሷ በር ተደግፋ አፍንጫዋን ይዛለች።

ሄዳ ከጎናቸው ተንበረከከች። ከሣሩ ግማሹን አንሥታ እጇ ላይ ያዘች። እማማ በክርናቸው ጎሰሟት።

«ዝም በይ» አሉ በሹክሹክታ።

«እኔ ነኝ» አለች ሄራን። «ሐሙስ ዕለት ቅጠሉን በማሽኑ ያፈላሁት እኔ ነኝ። እማማ ያጠፉት የለም።»

አለምሰገድ የመጀመሪያውን ንጹሕ ቡና እየቀዳ ነበር። ቀጭን፣ ማር የመሰለ ክር ወርዶ ስኒውን ሞላው፤ ከላዩ ወፍራም ቡናማ አረፋ ተኛበት። ስኒውን በአንድ እጁ፣ ስልኩን በሌላው ይዞ ዞረ። በረንዳው ላይ ብርሃን አለ፤ ፎቶ አንሥቶ ለኃላፊው ሊልክለት ነው። ሁለቱን ሴቶች ወለሉ ላይ ያያቸው ያን ጊዜ ነው።

«ምን እያላችሁ ነው? ተነሡ እንጂ፣ ጎረቤት ያያል። ሄራን፣ ቀልድሽን ተይ። አረፋው ይጠፋብኛል።»

«ሰኞ ጠዋት ዓይናቸውን ይሠራሉ» አለች ሄራን። ድምፅዋ አለመንቀጥቀጡ ራሷን ገረማት። «እኔ እወስዳቸዋለሁ። ወይ ከዚህ ቤት፣ ወይ ሲቀላ ሰፈር ካለው ከእህቴ ቤት ተነሥተን። ከየትኛው እንደሆነ አሁን ንገረን።»

በረንዳው ከሣሩ ወዲያ ነው፤ በዚያ በኩል ካልሆነ ወደ እሱ መውጫ የለም። አለምሰገድ አንድ ጊዜ ስኒውን፣ አንድ ጊዜ ሣሩን አየ። አረፋው ከዳር እየሳሳ ጥቁሩ ቡና መታየት ጀምሯል። የእማማ ጣቶች ወለሉን ዳበሱ፤ የተንጋደዱትን ሣሮች አንድ በአንድ አቀኗቸው።

የአለምሰገድ ተረከዝ ከሴራሚኩ ሲላቀቅ ድምፅ ሰጠ። አሮጊቷ ሰሙት። አንገታቸውን ሳያቀኑ ወደ ሄራን ጠጋ አሉ።

«ልጄ» አሉ፣ ለሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «ተሻገረ?»

ሄራን ከወለሉ የተነሣውን ጫማውን እያየች ነበር፤ ገና አላረፈም።