ሙሉ አድራሻ

ሰውየው የድረ ገጽ ስም መዝጋቢ ነው። ባልደረቦቹ «ነጥቡ» ይሉታል፤ አንዲት ነጥብ ከቦታዋ ከተዛነፈች ምሳ አይበላማ። ደንበኛ የሚፈልገውን ስም ይዞ ይመጣል፣ ነጥቡ ቅጹን ይሞላና የስሞች ሁሉ ዋና መዝገብ ውስጥ ያስገባዋል። መዝገቡን ማንም ከፍቶ ያየዋል። የባለቤቱን አድራሻ መሸፈን ለሚፈልግ ቅጹ ላይ አንዲት ሳጥን አለች፤ ምልክት ማድረግ ብቻ ነው። ነጥቡ ግን ይቺን ሳጥን ሲያያት ደሙ ይፈላል።

«ንጹሕ ሰው ምን ያስደብቀዋል?» ይላል። አይ ነጥቡ!

ታናሽ እህቱ ከሚደበድባት ባሏ ካመለጠች አራት ወሯ ነው። አንድ ሕንፃ ጀርባ ሁለት ክፍል ተከራይታ የሙሽራ ልብስ ትሰፋለች። ነጥቡ ለሥራዋ ድረ ገጽ ሠራላት፣ ስሙንም በእሷ ስም አስመዘገበው፤ ስጦታ መሆኑ ነው። ድረ ገጹ ላይ ስልክ እንጂ አድራሻ አላስቀመጠም፣ ለዚያ እንኳ ተጠንቅቋል። የምዝገባውን ቅጽ ግን እንደ ልማዱ ልቅም አድርጎ ሞላው፦ የባለቤት ስም፣ መንገድ፣ የቤት ቁጥር። ሳጥኗን ዘለላት።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ወንድምና እህት እሷ ቤት ምሳ ሊበሉ ሲቀመጡ በሩ ከነማጠፊያው ተገነጠለ። ባልየው ነው፤ ዐይኑ ደም ለብሷል፣ መዶሻ ይዟል። ነጥቡ ዘሎ ሊይዘው ሲል መዶሻው ትከሻው ላይ አረፈና ወለሉ ላይ ዘረረው። ባልየው ሚስቱን በፀጉሯ ጎትቶ ቀኝ እጇን የስፌት መኪናው ላይ ተጭኖ ያዘው።

«በዚህች እጅሽ ነው ራሴን ቻልኩ የምትዪው?»

አንዴ መታት። ደገማት። አጥንቱ ሲሰበር ነጥቡ ተኝቶ ሰማው። በሦስተኛው በግራ እጇ የጋለውን ካውያ አንሥታ ፊቱ ላይ ለጠፈችበት። ባልየው እንደ በሬ አገሣ። ጎረቤት ደርሶ ባገኘው ቬሎ ጠፍሮ አሰረው።

ታስሮም ሳቀ። «ማን የጠቆመኝ መሰላችሁ? የድረ ገጿን ስም መዝገቡ ላይ ፈለግሁ፤ እስከ ቤት ቁጥሯ ቁጭ አለልኝ!»

ነጥቡ ክው አለ።

ሆስፒታል ውስጥ የእህቱ ሁለት ጣቶች ተቆረጡ። አልጋዋ ጥግ ተቀምጦ አለቀሰ።

«እኔ ነኝ የሞላሁት» አላት። «ያለውን እውነት ነበር የጻፍኩት።»

«ለማን ብለህ፣ ወንድሜ?»

 ያን ቀን ቢሮ ሮጦ አድራሻውን ሸፈነው። ምን ዋጋ አለው፤ የመዝገቡን የድሮ ገጽ ሌሎች ገልብጠው አስቀምጠውታል። ተመልሶ ቤት እንድትቀይር ለመናት። 

በሳምንቱ ሲመጣ አልጋው ላይ ሌላ ሰው ተኝቷል።

«ትናንት ወጥታለች» አለችው ነርሷ። «የት እንደገባች ለማንም እንዳልናገር አደራ ብላኛለች።»

«እኔ እኮ ታላቅ ወንድሟ ነኝ፣ ሲስተር።»

ነርሷ ዐይኗን ሰበረች። «በተለይ ለእርስዎ ነው ያለችኝ።»