ከሳሎኑ ወለል በታች

ፎቁ ቤት ከከተማው ወጣ ብሎ፣ አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ ከሚጀምርበት በላይ፣ ከተዳፋቱ አናት ላይ ቆሟል። ሠላሳ ሁለት መስኮት አለው። መንገደኛ ሁሉ ቀና ብሎ «የማን ቤት ነው?» ይላል። ጋሽ ውሃልክ ግን ቀና ብሎ አያየውም። አርባ ሦስት ዓመት በግቢው ኖሮ፣ ከጓሮ ክፍሉ ወጥቶ የውጭው በር እስኪደርስ ዓይኑን ከጫማው አያነሳም። ቤቱ ይቀፈዋል።

ውሃልክ እናት አባቱ ያወጡለት ስም አይደለም። አናጢ ነው። በጎልማሳነቱ የገጠመው በር በግማሽ ጣት ከዘመመ ነቅሎ እንደ አዲስ ይገጥም ነበርና የቤቱ ጌታ መዝመም በሚለካበት መሣሪያ ስም አወጡለት። ወጣለትና ቀረ።

ጌታው ቆዳ ነጋዴ ነበሩ። ጥሬ ቆዳ ሀብታም ያደርጋል፤ ሽታው ግን ከልብስ አይለቅም። ጠግበው ሲያበቁ ሽታ የማይደርስበት ቤት አማራቸውና እዚህ ተዳፋት ላይ መሬት ገዙ። ችግሩ፣ ማዶ አንድ እህል ነጋዴም በዚያው ወር መሠረት ጣለ። ከዚያ ወዲያ ነገሩ የቤት ጉዳይ መሆኑ ቀረ፤ ማን ቀድሞ ያስመርቃል ሆነ። እህል ነጋዴው በረንዳ ሲያወጣ እሳቸው ሁለት አወጡ። እሱ የመስታወት በር ሲያስገባ፣ እሳቸው ፎቅ ላይ ሁለት ባኞ ቤት አስገቡ። በዚያ ሰፈር ደረጃ ወጥቶ የተጸዳዳ ሰው እስከዚያ ድረስ አልነበረም።

የፍሳሹን ጉድጓድ የሚቆፍሩት ሰዎች ግን ሁለት ክንድ ወርደው ዓለት አገኙ። ዓለቱን ለመስበር አንድ ወር ይፈጃል። ምረቃው ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል፤ መጥሪያው ተበትኗል። ጌታው ዓለቱን አዩት፣ ሰዓታቸውን አዩ።

«ቱቦውን ለጊዜው ከሳሎኑ ሥር ልቀቁት» አሉ። «ከምረቃው በኋላ ይስተካከላል።»

ቤቱ ተዳፋት ላይ ስለቆመ ከሳሎኑ ሥር ሰው ጎንበስ ብሎ የሚሄድበት ባዶ ቦታ አለ፤ ወለሉ አፈር ነው። የቧንቧ ሠራተኛው ቱቦውን እዚያ ለቀቀው። ግንበኛው መግቢያውን በድንጋይ ዘጋ። ጋሽ ውሃልክ፣ ያኔ የሃያ ስምንት ዓመት ሰው፣ ከላይ ጣውላውን ጥርስ በጥርስ እያናከሰ አነጠፈ። ቫርኒሽ ቀባው። በምረቃው ዕለት እንግዶቹ ወለሉ ላይ ፊታቸውን እያዩ ተደነቁ። እህል ነጋዴውም መጥቶ ነበር፤ ሳይቀመጥ ሄደ። ጌታው ያን ቀን እንደሳቁ በሕይወታቸው አልሳቁም።

በሦስተኛው ዓመት ጋሽ ውሃልክ አንድ የላላ ጣውላ ሊያጠብቅ ነቅሎ ወደ ታች አየ፤ ቱቦው ዛሬም እዚያው ይፈስሳል። ወዲያው ለጌታው ነገራቸው። ጋዜጣቸውን እንኳ አላጠፉም።

«አንተ ስታይ ማን አየህ?»

«ማንም፣ ጌታዬ።»

«በል ምታው። ያቺ የጓሮ ክፍል እስክትሞት ያንተ ናት።»

መታው። ስምንት ምስማር። ግንበኛውም የቧንቧ ሠራተኛውም በየተራ ሞቱ፤ የሚያውቅ እሱ ብቻ ቀረ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የነቀዘ እንጨት ከፍቶ ያየ ሰው ይህን አልተረተም።

ከተዳፋቱ ግርጌ ልብስ አጣቢዋ ትኖራለች። ከመጣች ሃያ ዓመት አለፋት። ቤቷ ሁለት ክፍል ነው፤ ደጇ ላይ የውሃ ጉድጓድ አላት፤ ለጉድጓዱ ብላ ነው ቦታውን የመረጠችው። በዚያ ውሃ ታጥባለች፣ ታበስላለች፣ ትጠጣለች። የእጇ ቆዳ እየተላጠ ይወድቃል። ቤተሰቧ በሙሉ ከሆድ ሕመም ተላቆ አያውቅም። በመጣች በሁለተኛው ዓመት የታጠበ አንሶላ ይዛ ወደ ፎቁ ቤት ወጥታ፣ ጋሽ ውሃልክን ጓሮ አገኘችው።

«ጋሼ፣ አንተ የቆየህ ሰው ነህ። ውሃዬ ለምንድን ነው የሚሸተው?»

እሱም የያዘውን እንጨት እያገላበጠ፣ «ከቆዳ ፋብሪካው ይሆናላ» አላት።

ፋብሪካው ከእሷ ጉድጓድ በታች፣ ሜዳው ላይ ነው። ውሃ ደግሞ ሽቅብ አይሄድም። ውሃልክ የተባለ ሰው ይህን ካላወቀ ማን ያውቃል? እሷ ግን አመነችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በፋብሪካው ደጅ ባለፈች ቁጥር ምራቋን ትተፋለች። እሱም ባያት ቁጥር የራሱ ምራቅ ይመረዋል።

ጌታው ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆነ። ልጆቻቸው ሁለት ናቸው። ታላቅየው አፍርሶ ቦታውን መሸጥ ይፈልጋል። እህትየው፣ እዚያው የምትኖረው፣ የእንግዳ ማረፊያ ልታደርገው ታስባለች። ስድስት ዓመት ሙሉ በአንድ ነገር ተስማምተው አያውቁም። በዚህ መሃል የሕንፃ ጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ ጻፈ፤ ቤቱ አሮጌና ታሪክ ያለው ስለሆነ፣ ለሰው አደገኛ መሆኑ በኮሚቴ ካልተረጋገጠ አይፈርስም፤ ኮሚቴው ሐሙስ ይመጣል።

ታላቅየው ሰኞ ዕለት መጣ። ጋሽ ውሃልክ ደጁ ላይ መጋዝ እየሞረደ ነበር።

«ጋሽ ውሃልክ! አለህ አንተ?»

«የት ልሂድ?»

«እሱን ልነግርህ ነው የመጣሁት።» ወደ ጆሮው ጠጋ አለ፤ ሽቶው ቀደመው። «ሐሙስ ሲመጡ፣ ይህ ቤት በስብሷል፣ ዛሬ ነገ ይወድቃል በላቸው። ከሠራው ሰው አፍ ሲሰሙ ያምናሉ። የሚገዛው ሰው እዚህ ስምንት ፎቅ ሲያቆም አንዲት ክፍል ያንተ ናት።»

«አልበሰበሰም እኮ።»

«አልበሰበሰም? ወጥተህ የሰሜኑን ክፍል እየው።»

ወጥቶ አየው። ጣሪያው ላይ አራት ቆርቆሮ ተነቅሎ ወደ ጎን ተደርጓል። የከረመ ዝናብ ኮርኒሱን አውርዶ አልጋው ላይ ከምሮታል፤ ፍራሹ ላይ እንጉዳይ በቅሏል። ጌታው የሞቱበት አልጋ ነው። ልጅየው ሰው ልኮ የአባቱን ጣሪያ ያስከፈተው ክረምት ሊገባ ሲል ነበር። ጋሽ ውሃልክ የጣሪያውን ወራጅ እንጨቶች አንድ በአንድ በመዶሻ መታቸው። ድምፃቸው ጥርት ያለ ነው። ውሃ ጠግበዋል እንጂ አልተሸነፉም። «ጌታዬ ከወለዷቸው ትሻላላችሁ» አላቸው።

ማክሰኞ እህትየው የቀለም ቆርቆሮ አንጠልጥላ መጣች። ጠዋት ጠዋት ሳሎኑ ውስጥ ሽቶ ትነፋለች፤ እንግዳ ሲጠይቃት «ያረጀ ቤት አይጥ አያጣም» ትላለች።

«ጋሼ፣ የኔ አባት፣ ያንን የሰሜኑን ክፍል የራሰ ግድግዳ ሐሙስ ሳይደርስ ቀባ ቀባ አድርግልኝ። ጠንካራ ነው፣ መቶ ዓመት ይቆማል በላቸው።»

«እርጥብ ላይ ቀለም ይይዛል?»

«ሐሙስን ይያዝልኝ እንጂ ለዓርብ ማን ተጨነቀ? አባዬ ይህን ቤት አደራ ብሎህ አይደለም የሞተ?»

«አደራ አላሉም። ሐኪሙን ሲሳደቡ ነው የሞቱት።»

ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ቁርጥ አድርጋ፣ «ያቺ የጓሮ ክፍል እኮ እስክትሞት ያንተ ናት» አለችው።

የአባቷ ቃል ነው፤ ድምፁ ብቻ ቀጥኗል። ቀለሙን ተቀበላት፤ ሄደች። ቆርቆሮውን ሳይከፍት ደጁ ላይ አስቀመጠው። ውስጡን ለቄስ ሲባል የሰማው ስለ ሰው ነበር፤ ይህን ቤት ካየ ወዲህ ግን ስለ ቤት የተባለ ይመስለዋል። በእሱም ላይ ይሠራል። የሁለቱን ውሸት በሁለት ቀን ተጸየፈ፤ የራሱን ሲሸከም አርባ ዓመት።

ሐሙስ ጠዋት ኮሚቴው መጣ። ሦስት ሰዎች ናቸው፤ አለቃቸው ጉልበቷ ድረስ ቦት ጫማ ያደረገች መሐንዲስ ናት። ወንድምና እህት ግራና ቀኝ ይዘዋት ዞሩ። እሱ የወደቀውን ኮርኒስ ያሳያል፤ እሷ የደረጃውን መደገፊያ ታሳያለች። እሱ «ነፍሰ ገዳይ ቤት ነው» ሲል እሷ «ጣሪያውን ማን እንደነቀለው ይጠየቅ» ትላለች። መሐንዲሷ መንገዷን ቀጠለች። ሳሎኑ ጋ ስትደርስ ቆመች። አፍንጫዋን ሁለቴ ሳበች። ወለሉን በተረከዟ መታችው፤ ባዶ ነገር ጮኸ።

«ይህን ወለል ማን ነው የሠራው?»

ጋሽ ውሃልክ ከበሩ አጠገብ ነበር። እጁን አነሳ።

«አባት፣ ከሥሩ ምን አለ?»

በአርባ ሦስት ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም። ታላቅየው በዓይኑ ይጠቅሰዋል። እህትየው «ምን ይኖራል፣ አፈር ነው እንጂ» ትላለች። ጋሽ ውሃልክ ወጣ። ከክፍሉ መዶሻና የምስማር መንቀያ ብረት ይዞ ተመለሰ። ጉልበቱ ላይ ወርዶ፣ ከመስኮቱ በኩል ሦስተኛዋን ጣውላ ፈለጋት። ስምንቱን ምስማር አንድ በአንድ አወጣ።

ጣውላዋ ስትነሳ ሽታው እንደ ሰው ተነስቶ ወጣ። አንደኛው የኮሚቴ አባል ወደ በረንዳው ሮጠ። ታች፣ ጥቁር ነገር እንደ ገንፎ ተኝቷል፤ ፊቱ ላይ አረንጓዴ ቆዳ አውጥቷል። በረሮው ብርሃን ሲያይ ግድግዳውን አልብሶ ሸሸ። ፎቅ ላይ፣ የእህትየው ሠራተኛ ሳታውቅ ውሃ ለቀቀች። ቱቦው አጉረመረመ፤ ሁሉም እያየ፣ እዚያው ተፋው።

«አላልኩም?» ታላቅየው አፉን በመሐረብ ይዞ በደስታ ጮኸ። «በስብሷል አላልኩም?»

«እንጨቱ ደኅና ነው» አለ ጋሽ ውሃልክ።

«እሱ ነው!» አለች እህትየው። «ራሱ ነው የደፈነው! አባዬን አታልሎ!»

«የደፈንኩትስ እኔ ነኝ። ያስደፈኑት አባትሽ ናቸው።»

መሐንዲሷ ባትሪ አብርታ ወደ ታች ተንጠለጠለች። ጥቁሩ ነገር ወደ ተዳፋቱ በኩል ካለው ግንብ ሥር ጠልቆ ይገባል፤ ድንጋዮቹ እስከ ወገባቸው ረጥበዋል። ተነስታ በመስኮቱ አየች። ቁልቁል የአጣቢዋ አንሶላዎች ተሰጥተው ይታያሉ።

«ያ ታች ያለው የውሃ ጉድጓድ የማን ነው?»

ወንድምና እህት ተያዩ። በስድስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ተግባቡ።

«እሱ ሌላ ጉዳይ ነው» አለ ወንድምየው።

«ከቤቱ ጋር ምን አገናኘው?» አለች እህትየው። «ደግሞ እሷ ፋብሪካው ነው ያበላሸብኝ ስትል ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል።»

«እኔም ሰምቻለሁ። ሽማግሌው ምስክር ነው» አለና ወንድምየው ትከሻውን ያዘው። «አይደለም ጋሽ ውሃልክ?»

ጋሽ ውሃልክ የወንድምየውን እጅ ከትከሻው ላይ አወረደ። ከወለሉ ሥር ካለው ሽታ ይልቅ ያ ለስላሳ እጅ ቀፈፈው። ከእጁም ይልቅ፣ ያ እጅ የሚደገፍበት የራሱ ውሸት።

«ልጄ፣ ጻፊ» አላት መሐንዲሷን። «ጉድጓዱ የልብስ አጣቢዋ ነው። ሃያ ዓመት የዚህን ቤት እዳሪ ስትጠጣ ኖራለች። ፋብሪካው ነው ያልኳት እኔ ነኝ። ሳላውቅ አይደለም።»

መሐንዲሷ ጻፈች። ቤቱ ይፍረስም ይቁምም አላለችም፤ ጉድጓዱ ተመርምሮ፣ የሳሎኑ ሥር ተጠርጎ፣ ጉዳዩ ከላይ እስኪወሰን ድረስ ቤቱ ታሽጎ ይቆይ፣ ፎቅ ላይ ውሃ ይዘጋ አለች። «እስከ መቼ?» አሉ ሁለቱም ባንድ ድምፅ። «እኔ እንጃ» አለች። ወንድምየው በረንዳው ላይ ጠብቆ ጋሽ ውሃልክን፣ «እስከ እሑድ ዕቃህን አውጣ፤ አንተ ውለታ ቢስ!» አለው። እህትየው ከኋላው ቆማ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

ጋሽ ውሃልክ ዕቃ ለማውጣት አልቸኮለም። ቀጥ ብሎ ተዳፋቱን ወረደ። አጣቢዋ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የፎቁን ቤት አንሶላ ታሻለች።

«ጋሼ፣ ምን እግር ጣለህ? ቁጭ በል።»

«አልቀመጥም። ከዚህ ውሃ አትጠጪ።»

ቆሞ ነገራት። ቱቦውን፣ ወለሉን፣ ስምንቱን ምስማር፣ በሁለተኛው ዓመት የመለሰላትን መልስ። አላሳመረውም፤ ጌታዬ አስገድደውኝም አላለም። እሷ ማሸቷን አቆመች። የተላጠ እጇን ከአረፋው አውጥታ ጉልበቷ ላይ አኖረች።

«ውሃው እንደሚሸት እኔም አፍንጫ አለኝ» አለች በመጨረሻ። «የሚያቃጥለኝ እሱ አይደለም። ያ ሽማግሌ አይዋሽም እያልኩ ስንቱን ሰው ዝም አሰኘሁ? ባሌ ከላይ ነው የሚመጣው ሲለኝ ተሳድቤዋለሁ። አንተን አምኜ። እሱ ሞተ።»

ጋሽ ውሃልክ ግድግዳው ሥር ሁለት ባዶ ጄሪካን አየ። የሕዝብ ቧንቧው መንገዱ ዳር ነው፤ ደርሶ መመለሻው አንድ ሰዓት ይፈጃል። ጎንበስ ብሎ ጄሪካኖቹን አነሳ።

«አስቀምጥ» አለችው።

«ልቅዳልሽ ብዬ ነው። እስኪመረመር።»

«አስቀምጥ፣ አንተ ሰውዬ! በአንተ እጅ የተቀዳ ውሃ በአፌ አይገባም።»

አስቀመጠ። ብድግ ብላ ሁለቱንም ከእግሩ ሥር አነሳችና፣ ወደ ኋላ ሳትዞር መንገዱን ያዘች።