ጣሪያውን ማን ጠግኑ አላችሁ?

ተጠባባቂ ጦር የሚባለው ነገር ያልተዋጠልኝ ከየሥራቸው ተጠርተው የመጡት ሰዎች ገና ከአውቶቡሱ ሲወርዱ ነው። አንዱ ጃንጥላ ይዟል። አንዱ መነጽሩ ጠፍቶበት የጓደኛውን እጅ ይዞ ይሄዳል። አንድ ራሰ በራ ቆርቆሮ ሠሪ ደግሞ የመሣሪያ ሳጥናቸውን እንደ ሕፃን ታቅፈው ወረዱና «ልጄ፣ አለቃችሁ የት ነው?» አሉኝ። አለቃው እኔ ነበርኩ።

ከመደበኛው ጦር ጋር ተዋህደው ይኑሩ ተባለና እኔ የምመራው ክፍል ውስጥ ገቡ። መዋሃድ በወረቀት ላይ ቀላል ነው። ቆርቆሮ ሠሪው አባቴን ያክላሉ፤ አንተ ልበላቸው ብል አፌ እምቢ አለኝ። «ጋሼ፣ እባክዎ ይሰለፉ» ስላቸው የገዛ ወታደሮቼ በሳቅ ፈረሱ። አብሯቸው የመጣ አንድ ልብስ ሰፊ ደግሞ ሰልፍ ላይ የፊቱን ሰው ሱሪ እየጎተተ «ይሄን የሰፋው ሰው ተቆጥቶ ነበር እንዴ?» ይላል።

የኔ ጭንቀት ግን ሌላ ነበር። ባለቤቴ ልጃችንን ይዛ እናቷ ቤት ናት። አንድ ጊዜ ካምፕ መጥታ፣ ከምንተኛበት አዳራሽ ጣሪያ የወረደ ጠብታ ልጃችን አፍንጫ ላይ ሲያርፍ አየች። ወዲያው ሻንጣዋን አነሳች። «ልጄን ከባልዲ ጋር አላሳድግም፤ ደረቅ ቤት ስታገኝ ጥራኝ» ብላኝ ሄደች። አልፈረድኩባትም። ግን ናፍቆቱ እንቅልፍ ነሳኝ። ለወታደር ቤተሰብ አዳዲስ ቤቶች ይሠራሉ የሚል ወሬ ነበር፤ የት ካምፕ እንደሚሠሩ የሚወስኑት ኮሎኔል አኗኗራችንን ሊያዩ እንደሚመጡ ስሰማ ተስፋዬን ሁሉ እሳቸው ላይ ጣልኩ።

እኛ ዘንድ እንግዳ ሲመጣ የተሰበረው ይደበቃል፤ ከንብረት ክፍል አዲስ አንሶላ ይወጣል፤ እንግዳው ሲሸኝ አንሶላው ይመለሳል። እንግዳውም «ደስ ይላል» ብሎ ገንዘቡን ደስ ለማይለው ካምፕ ይሰጣል። ዘንድሮ ሻለቃችን ነቁ። «ማንም ምንም እንዳይነካ! እንዳለ ይታይ!» አሉ። እኔማ አልጋዬን ዋናው ቀዳዳ ሥር አስጠጋሁ።

ይህ ሲባል ተጠባባቂዎቹ ልምምድ ላይ ነበሩ። እኔም አልነገርኳቸውም፤ ያልታዘዘውን ሥራ የሚሠራ ወታደር በሕይወቴ አይቼ አላውቅማ!

በጉብኝቱ ዕለት እኛ መደበኞቹ ተጠባባቂዎቹን ውስጥ ትተን ኮሎኔሉን ለመቀበል ከማለዳ ጀምሮ ዋናው በር ላይ እንደተሰለፍን ዝናብ ጀመረ። ሻለቃው ቀና ብለው ፈጣሪያቸውን አመሰገኑ። ኮሎኔሉን ይዘን ገባን። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይንጣጣል፤ ውስጥ አንዲት ጠብታ የለችም። ባልዲዎቹ ታጥበው ተደራርበዋል። የተቀደደው አንሶላ ሁሉ ተሰፍቷል። ቆርቆሮ ሠሪው ሬንጅ በሬንጅ በሆነ እጃቸው ወታደራዊ ሰላምታ ሰጡና «እንግዳ ይመጣል ሲሉ ሰምተን እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ?» አሉ። የሻለቃው ፊት በርበሬ መሰለ።

«ግሩም ነው! የቤቶቹን ገንዘብ የባሰባቸው ይውሰዱት» አሉ ኮሎኔሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ሃምሳ አለቃ፣ ቅሬታ አለህ?»

«እስከ ትናንት ያፈስ ነበር፣ ጌታዬ!»

«አሁንስ?»

ጣሪያውን አየሁት። እባክህ፣ አንዲት ጠብታ ብቻ! ወይ ፍንክች። «አሁንማ አያፈስም» አልኩ።

«ታዲያ ምን ጎደለህ?»

«ሚስቴ ናፈቀችኝ።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ኮሎኔሉም እየሳቁ ሄዱ።

እኔ ቆርቆሮ ሠሪው ላይ ጮህኩባቸው። «ጋሼ፣ ቤቴን አፈረሱብኝ እኮ!» ብዬ ነገሩን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው። አገጫቸውን እያሻሹ ሰሙኝ።

«ያልተሠራ ቤት እንዴት አፈርሳለሁ ልጄ? ይልቅ ከኩሽናው ጀርባ ያለው ባዶ መጋዘን የማን ነው?»

«የማንም። ግን ትእዛዝ ያስፈልጋል።»

«ጣሪያውንስ ማን አዞኝ ነው?»

ይሁንና ሻለቃውን ጠየቅኩ። «ሌላ ነገር ሳይጠግኑብኝ ቶሎ ወደዚያ ውሰዳቸው!» አሉ። ቆርቆሮ ሠሪው ጣሪያ ላይ ወጡ፤ ልብስ ሰፊው መጋረጃ ሰፋ። የኔ መደበኞች መጀመሪያ ቆመው አሾፉ፤ በኋላ አንዱ መሰላል ያዘ፣ አንዱ ሚስማር አቀበለ፣ ማንም ሳያዛቸው ሁሉም ገቡበት። ዝናብ ጠብቄ መሐሉ ላይ ቆምኩ፤ ራሴ ደረቅ ነው። ያም ሆኖ ስልኩን ያነሳሁት እያፈርኩ ነው።

«አዲሱ ቤት ለሌላ ካምፕ ሆነ» አልኳት። «እዚህ ያገኘሁት አሮጌ መጋዘን ነው። ጠባብ ነው። መስኮቱም አንድ...»

«ያፈሳል?»

«አያፈስም።»

«ታዲያ አንተ ሰውዬ፣ እስካሁን ሳትጠራኝ እዚያ ምን ትሠራለህ?» ሻንጣዋን ስትጎትት ተሰማኝ። «ደረቅ አልኩህ እንጂ መቼ አዲስ አልኩህ?»