ማንበቢያው ላይ የተገኘው ቀይ ዱቄት

«ይህን ቀይ ዱቄት ማሽኑ ውስጥ ማን ጨመረው?» ብለው የፋብሪካው ባለቤት ሲጠይቁኝ መልሱን አውቀው ነበር። እውነቱን ግን አልተናገርኩም።

ሕንድ አገር፣ ኮይምባቱር ከተማ ውስጥ ባለ የሴቶች ልብስ፣ የሳሪ ፋብሪካ የኮምፒውተር ክፍሉን የማጸዳው እኔ ነኝ። የሃያ ዓመት የሳሪ ንድፍ እንዳይጠፋ በየቀኑ ከኮምፒውተሩ ወደ ቴፕ ካሴት ይቀዳል። የምትቀዳው የክፍሉ ሠራተኛ ካያልቪዚ ነበረች፤ ካያል እንላታለን። በምሳ ሰዓት በካሴቶቹ ላይ ከተለጠፈው ጽሑፍ ፊደል ታስቆጥረኝ ነበር።

የሥራ መሣሪያ ቀይ ዱቄት እየተቀባ ከሚመረቅበት ዓመታዊ በዓል ማግስት ጀምሮ ቅጂው ስህተት አበዛ። የክፍሉ አለቃ ቻንድራሞሃን፣ «ካሴቱ አርጅቷል፤ ጣይው» አላት። አልጣለችውም። ያንኑ ካሴት ሁለተኛው ማሽን ውስጥ ከተተችው፤ ያለምንም እንከን አነበበው። አዲስ ካሴት ለመጀመሪያው ማሽን ሰጠችው፤ አሁንም ስህተት።

«እትዬ ፔቺ፣ በሽተኛው ማሽኑ ነው። ካሴቱን በከንቱ ስንሰድበው ከረምን» ብላኝ ሳቀች። ክዳኑን ስትፈታው የካሴት ማንበቢያው ላይ ቀይ ዱቄት ተጋግሮ ነበር።

በበዓሉ ቀን ካያል አበባ ልታመጣ ወጥታ ነበር። ቻንድራሞሃን የማሽኖቹን ግንባር ቀይ ዱቄት ቀብቶ ሲጨርስ፣ የአንዱን የካሴት ማስገቢያ አፍ ክፍት አገኘው። «እንካ ጉረስ፣ ዓመቱን ሙሉ እንዳታስነጥስ!» ብሎ ዱቄቱን በተነበት። ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ባለቤቱ ሲጠይቁኝ ቻንድራሞሃን ቀደመኝ። «ካያል ናት እንጂ ሌላ ማን ይነካዋል? ፔቺ አይታለች። ልጅሽስ ደህና ናት፣ ፔቺ? ማሸጊያ ክፍል ሥራ አስገባታለሁ ያልኩሽ?»

«እትዬ፣ ያየሽውን ብቻ ተናገሪ» አለችኝ ካያል።

«እኔ እንጃ… ወለል እየወለወልኩ ነበር» አልኩ።

ባለቤቱ ፊታቸውን ከካያል አዞሩ። ቻንድራሞሃን ወረቀት ጽፎ አመጣ። በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። ዱቄቱን የበተነችው ካያልቪዚ ናት፣ ምስክሯም ፔቺ ናት ይላል።

«አሻራ ታደርጊያለሽ?» አለኝ።

«ስሜን መጻፍ እችላለሁ» አልኩ። ለምን እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ጎሽ! ማን አስተማረሽ ባክሽ?» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ።

ካያል በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ስሜን ጽፌ እስክጨርስ አየችኝ። አልሰደበችኝም፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ልጄ በሳምንቱ ማሸጊያ ክፍል ገባች። ቻንድራሞሃን በቦታው አለ፤ እኔም አለሁ። ከሥራ ተባርራ የሄደችው ካያል ናት።