ከአሸዋ የተመለሰ ጨው

ደብሪቱ ባሏን ቀብራ አራት ልጆች ለብቻዋ ያሳደገች፣ ለሰው ምክር የምትተርፍ ሴት ናት። በዚያ ሰኞ ጠዋት የሠራችውን ሥራ ግን ሕፃን እንኳ አይሠራውም።

ጊዜው ጥር 1970 ዓ.ም. ነው። ጨው በቀበሌ ሱቅ በራሽን ሆኖ፣ ለአንድ ቤት በወር ግማሽ ኪሎ ይታደላል፤ እሱም ከመጣ። የልጇ የበለጡ ሰርግ ለሚመጣው እሑድ ነበርና የየካ ጎረቤት፣ እስላም ክርስቲያን ሳይል፣ አንዱ በስኒ አንዱ በጭልፋ ጨው አዋጣላት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው፤ አሥር ኪሎ ገደማ ሞላ።

ረፋዱ ላይ አብዮት ጠባቂዎች ከታች ጀምረው ቤት ለቤት እየፈተሹ ነው ተባለ። አሥር ኪሎ ጨው በአንድ ባልቴት ቤት ቢገኝ፣ ከጎረቤት የተዋጣ ነው ብትል ማን ይሰማታል? ጨው አከማችተሃል ተብሎ ሲወሰድ ያየችው የሾላ ገበያ ነጋዴ ፊት ድቅን አለባት። ጆንያውን ጎትታ፣ ወለል ልታስለስንበት ጓሮ ያስቆለለችው አሸዋ ጫፍ ላይ ገለበጠችው። ገልብጣም አልተወችውም፤ አንድ ነጭ ፍሬ እስከማይታይ በአካፋ አማሰለችው።

ፈታሾቹ መጡ። ሣጥን አስከፈቱ፣ አልጋ ሥር አዩ፣ ጓሮም ዞሩ። አንደኛው እንዲያውም አሸዋው ላይ ቆሞ እንኳን ደስ ያለሽ ብሏት ሄደ።

ፍርሃቱ ሲወጣ ኀፍረቱ ገባ። የሠላሳ ቤት አደራ ከአፈር ደባልቃለች፤ ለሰርጉ ደግሞ ሌላ ጨው የለም። ወንፊት አመጣች፤ ጠጠሩ ቀረ፣ አሸዋውና ጨው ተያይዘው ወረዱ። በጣቷ መልቀም ጀመረች። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተጎንብሳ የለቀመችው ግማሽ ስኒ አልሞላም።

አጥር የምትጋራት የመብሩካ ልጅ ኩልሱም፣ ወደ ኮተቤ ካለ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምራ ስትመለስ እንዲሁ እንደተጎነበሰች አገኘቻት። ደብሪቱ የሆነውን አንድም ሳትደብቅ ነገረቻት።

«እንግዲህ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፣ ልጄ» አለቻት።

ኩልሱም አልሳቀችም፤ ከንፈርም አልመጠጠችም። ከአሸዋው ቆንጠር አድርጋ ቀመሰችና ተፋች።

«እትዬ ደብሪቱ፣ ጨው ውሃ ውስጥ ይሟሟል፣ አሸዋ አይሟሟም። ውሃ ይለያቸዋል። እዳው ገብስ ነው።»

ደብሪቱ ይህን እንደሰማች በርሜል ሙሉ ውሃ ልትገለብጥበት ተነሣች። የዕለቱን ሁለተኛ ጥፋት ያስቀረችው ኩልሱም ናት። የፈሰሰው ውሃ ሁሉ ኋላ ፈልቶ መትነን አለበት፤ ይህን ያህል እንጨት ከየት ይመጣል? ስለዚህ በባልዲ ትንሽ የሞቀ ውሃ አድርገው አሸዋውን እያማሰሉ፣ ሲረጋ ውሃውን ቀስ ብለው እየቀዱ፣ ያንኑ ውሃ ደግመው በሌላው አሸዋ ላይ አፈሰሱት። ጨው መጥገቡን ሊያዩ እንቁላል ጣሉበት፤ ጎኑን አሳይቶ ሲንሳፈፍ ኩልሱም ይህ ለእሳት ደርሷል አለች። የታጠበውን አሸዋ እንደገና አለቅልቀው ውሃውን ደብሪቱ ትቀምሳለች። ጨው ጨው ካለ ይደገማል፤ ካላለ አሸዋው ይደፋል። ምላሷ እስኪሻክር ቀመሰች።

ውሃው አድሮ ሲጠል ጥጥ በተደረገበት እጥፍ አቡጀዴ አጠለሉት። ከዚያ የእድሩ ትልቅ ብረት ድስት ተጣደ፤ ከእንጦጦ የወረደው ባሕር ዛፍ ሁለት ቀን ነደደበት። ኩልሱም ከትምህርት ቤት በተመለሰች ቁጥር ልብሷን ሳትቀይር ድስቱ ሥር ትቆማለች። ውሃው ሲያልቅና ጨው መፈናጠር ሲጀምር እሳቱን አስቀነሰች፤ እርጥቡን ጠርገው ፀሐይ ላይ አሰጡት። ሲደርቅ መልኩ ትንሽ አመድማ ሆነ እንጂ ጨውነቱ አልጎደለም። ደብሪቱ ለጎረቤቶቿ ጥፋቷን ራሷ ተናገረች፤ እነሱም ሲስቁባት ዋሉ፤ እሷም አብራ ሳቀች።

ቅዳሜ በምሳ ሰዓት ልታመሰግን ወደ መብሩካ ቤት ሄደች። የምትለውን መንገድ ላይ ሳይሆን ሌሊቱን ሙሉ አዘጋጅታዋለች። አፏን ሳትከፍት ሽሮ ቀረበ። አንድ ጉርሻ ጎርሳ ቀና አለች።

«ጨው የለውም፤ እንግዲህ ቻይው» አለች መብሩካ፣ እንደ ቀላል ነገር። «የዚህን ወር ራሽን እንዳለ ለሰርጋችን ሰጠነው። እኛስ ለምደነዋል።»

ደብሪቱ ወደ ኩልሱም ዞረች። ልጅቱ ሁለት ቀን ከድስቱ ጨው ስትጠርግ ነበር።

«ቆንጠር አድርገሽ አትወስጂም ነበር?»

«የሰርጉ ነው እኮ፣ እትዬ» አለቻት።

ሌሊቱን ያዘጋጀችውን ንግግር ተወችው። ከልቧ ተነክታለች፤ እንዲህ ያለ ጎረቤት የሰጣትን ፈጣሪ በሆዷ አመሰገነች። የልጅቱን እጅ ስባ፣ ታላቅነቷን ረስታ፣ ሳመችው። ከዚያ ሽሮውን ጥርግ አድርጋ በላችና ትሪውን ወደ መብሩካ ገፋ አደረገች።

«ድገሚኝ» አለቻት።