ትናንትን የሚመልስ ሰዓት

ሰይፈሥላሴ ደብረ ብርሃን ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ብቻውን ይኖራል። በሩን የሚያንኳኳ የለም። ስልኩ ከጮኸም የደወለው ሰው አይደለም፤ ራሱ የሠራው ሣጥን ነው።

ሣጥኑ ውርጭ ጠባቂ ነው። አንኮበር፣ ከአጎቱ ከአቶ ወልደአረጋይ የባቄላ ማሳ ዳር ተተክሎ ብርዱን ይለካል። ውርጭ ሊጥል ሲል ለባለማሳዎቹና ለሰይፈሥላሴ ይደውላል። ሰዎቹ ተነሥተው እበትና ገለባ ያጨሳሉ፤ ጭሱ ባቄላውን እንደ ጋቢ ያለብሰውና ከውርጭ ይጠብቀዋል። አምና ጥቅምት ግን ሣጥኑ ዝም አለ። ጎሕ ሲቀድ አበባው ሁሉ እሳት እንደለበለበው ጠቁሮ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ አቶ ወልደአረጋይ ለወንድማቸው ልጅ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። እሱም ከእሳቸው በቀር ዘመድ አልቀረውም።

ሣጥኑን ነቅሎ ወደ ክፍሉ ወስዶ ጥፋቱ የት እንዳለ አግኝቶታል። ሣጥኑ ባትሪ ለመቆጠብ በየመካከሉ ይተኛል። ሊተኛ ሲል ውስጡ ላለው ሰዓት ቆጣሪ «በዚህ ጊዜ ቀስቅሰኝ» ብሎ አደራ ይሰጣል። ቆጣሪው ግን ከተሠራ ጀምሮ ሕመም አለበት፤ እንቅልፉ ሲጠልቅ አብሮ ይተኛል። አውጥቶ ሌላ መተካት አይቻልም። የሚቻለው ከርነሉን፣ የሣጥኑን ሥራ ሁሉ የሚመራውን የሥርዓተ ክወናውን እምብርት፣ ሕመምተኛውን እንዳያምን ማስተማር ነው።

መጀመሪያ ሣጥኑን እንቅልፍ ከለከለው። ባትሪው አለቀ። የሣጥኑ ኤሌክትሮኒክ ቦርድ ላይ ቀን የምትቆጥር ሌላ ትንሽ ሰዓት ነበረች፤ እሷ አትተኛም። እንድትቀሰቅስ አደረጋትና ሣጥኑን መስኮት ላይ ለብርድ ሰጥቶ ተጠባበቀ። ትንሿ ሰዓት ቀሰቀሰች፤ ሣጥኑም «አለሁ» አለ። ነገር ግን ጊዜውን የጠየቀው ያንኑ ሕመምተኛ ቆጣሪ ነበርና፣ የተነገረው ከመተኛቱ በፊት የነበረው ሰዓት ነው። ገና ነው ብሎ ተመልሶ ተኛ።

ሰይፈሥላሴ ሳቀ። የሳቁ ድምፅ ባዶ ክፍል ውስጥ እንግዳ ሆነበት።

ሟቹ አባቱ ቄስ ተስፋሚካኤል ትዝ አሉት። ካህናቱን ለማኅሌት የሚቀሰቅሱ እሳቸው ነበሩ። በመቋሚያቸው በር ይመታሉ። «አቤት» ማለት አይበቃቸውም፤ ሰው ተኝቶም አቤት ይላል።

«ዛሬ ማን ነው?» ይላሉ።

«ጊዮርጊስ...» ይላል አንዱ ከቁርበቱ ላይ ሆኖ።

«እሱ ትናንት ነበር! ዛሬ ተክለ ሃይማኖት ነው። ተነሣ፣ አንተ ግንድ!»

የተኛው ሰው የዕለቱን በዓል አስተካክሎ ሳይጠራ ከደጁ አይሄዱም።

ሰይፈሥላሴ ከርነሉን እንደዚያው አድርጎ ጻፈው። ትንሿ ሰዓት ትቀሰቅስና ጊዜውን ትጠይቃለች። መልሱ ከእሷ ጋር ካልገጠመ ቆጣሪውን አስተካክላ ሣጥኑን እንደገና ትቀሰቅሳለች፤ እስኪገጥም አትለቅም። በመስኮቱ ብርድ ደጋግሞ ፈተነው። ከዚያ ተሸክሞት አንኮበር ወረደ።

«ደግሞ መጣህ?» አሉ አቶ ወልደአረጋይ ከአጥራቸው ሳይወጡ።

«አስተካክዬዋለሁ፣ ጋሼ።»

«አምናም ደኅና ነው ብለኸን ነበር። ውሻዬ እንኳ ሲተኛ ያንኮራፋል፤ መተኛቱን እናውቅበታለን። ያንተው ዓይኑን ገልጦ ነው የሚተኛው።»

«ዘንድሮ ዝም ካለ ነቅዬ እወስደዋለሁ። እኔም ደግሜ ደጅዎን አልረግጥም።»

ሽማግሌው ሣጥኑን ሳይሆን እሱን አዩት። «ትከለው» አሉና ገቡ። ግባ አላሉትም።

ወደ ክፍሉ ተመለሰ። ውርጩ ዘገየ። ስልኩን ትራሱ ሥር አድርጎ እየነቃ እየተኛ፣ ቀኑና ሌሊቱ ተደባለቀበት። የሚያናግረው ሰው ስላልነበረ ዕለቱን የሚነግረውም አልነበረም።

አንድ ቀን ጎሕ ሲቀድ ስልኩ ጮኸ። ዓይኑን ሳይገልጥ አነሣው።

«አቤት።»

«ዛሬ ማን ነው?»

የአጎቱ ድምፅ ነው። ቀኑን ፈለገ፣ ጠፋበት።

«መድኃኔዓለም» አለ።

«እሱ ትናንት ነበር። ዛሬ አማኑኤል ነው። ሣጥንህ እኛን ቀስቅሶናል፤ አንተ ግን ጥሪውን ሳትሰማ ተኝተሃል። ተነሣ!»

ከድምፃቸው ኋላ ጭስ ያፈናቸው ሰዎች ሲያስሉ ይሰማል።

«ባቄላው፣ ጋሼ?»

«ለብሷል» አሉ ሽማግሌው። ሌላ አልጨመሩም። ስልኩን ግን ቶሎ አልዘጉትም፤ እሱም ሳላቸውን እየሰማ ተነሥቶ ተቀመጠ።