ከሕያዋን ጋር

እማዋይሽ ከወለጋ ተፈናቅላ ደብረ ብርሃን መጠለያ ከገባች ወዲህ በሽሽቱ የተለያትን ባሏን፣ አቶ አዲሱን፣ አየሁት የሚል ሰው ጠፋ። ጎረቤቶቿ ተዝካሩን አውጪ እያሉ ስለ ወተወቷት፣ በማለዳው ቁር ብቻዋን ወደ ነፍስ አባቷ ሄደች።

“አባቴ፣ የባሌን የክርስትና ስም፣ ወልደ ሰንበትን፣ በጸሎት ያንሡልኝ።”

“ከሕያዋን ጋር ነው ወይስ ከሙታን?”

“ከሁለቱም ጋር አይሆንም?”

“እንዴት ተደርጎ፣ ልጄ!”

እስከ ዛሬ ጸሎቷ ሁሉ “መልስልኝ” የሚል ሙግት ነበር፤ አለ ማለትም ሞተ ማለትም ከብዷት ኖሯል።

“እንግዲያስ ከሕያዋን ጋር ያንሡልኝ። በእግዚአብሔር ዘንድ የሞተ የለም።”

ድንኳኗ ስትመለስ የጠበቃት ሰው አልነበረም። ተንበርክካ “የትም ይሁን፣ አንተ ጠብቅልኝ” አለች፤ ያን ቀን መልስልኝ አላለችም።